የቦሎ ሰሞን፦ መኪናዋ አርጅታለች፣ ልጆቹ ደግሞ ከኋላ ተቀምጠዋል

ቮልስ_59 | ሰኞ ማታ 2:15

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ። የቦሎ ሰሞን ደርሷልና የሁላችሁንም ሐሳብ መስማት እፈልጋለሁ። የኔዋ ቮልስ ሊብሬዋ ላይ 1967 ይላል፣ በፈረንጅ ነው። በኛ 1959 መሆኑ ነው። ከኔም ከባለቤቴም ትበልጣለች። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን ይዣት ነበር የምወጣው። አሁን ከኋላ ሁለት ልጆች ይቀመጣሉ። ትልቋ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትንሹ ሦስት። የእናታቸው አዲስ መኪና ቆሞ እያለ "በቮልስ እንሂድ" ነው የሚሉት። መስኮቱን በእጅ እያዞሩ ማውረድ ለነሱ ትልቅ ጨዋታ ነው።

ሰሞኑን ክላውዶ (ለቦሎ የሚደረገው ምርመራ) ስወስዳት ፍሬን መለኪያው ሮለር ላይ የኋላ ቀኝ ጎማ ፍሬን ከግራው በጣም አንሶ ተገኘ። ተመለሰች። መርማሪው ወጣት ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ልጆች ይጫኑባታል?" አለኝ። አዎ አልኩት። "እንግዲያው ፍሬኑ ተሠርቶ ካልመጣ አላሳልፍም" አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ነው ያለኝ።

አሁን ጥያቄዬ። አሮጌ መኪና እንደ ቅርስ ታይቶ ምርመራው ይቅለልለት የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። ልጅ የሚጫንባት ከሆነ ዕድሜዋ ሲጨምር ምርመራውም መጥበቅ አለበት ባይ ነኝ። እናንተስ?

አይዲ4_ቦሌ | ሰኞ ማታ 2:31

ቆይ ቆይ፣ ፍሬኑን እንመለስበታለን። መርማሪው "ጋሼ" አለህ? ሃሃሃ። እኔ እስከዛሬ አንተ እያልኩ ስጽፍልህ ኖሬ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ ነው የምልዎት ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ።

ቮልስ_59 | ሰኞ ማታ 2:36

አንተ በለኝ፣ ተው። ልጁ ፀጉሬን ዓይቶ ሳይሆን መኪናዋን ዓይቶ ነው ጋሼ ያለኝ።

ጋሽ_ፔጆ | ሰኞ ማታ 3:02

ሁለታችሁም ገና ልጆች ናችሁ፣ አርፋችሁ ተቀመጡ። ጋሼ የሚባል ሰው እዚህ አለ። እኔ ፔጆ 404 በአዲስ አበባ መንገድ ላይ እንደ አዲስ ሲታይ አስታውሳለሁ። አሁን የያዝኳት 504 በ1969 በፈረንጅ የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ የተመረጠችዋ ናት። አራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ፍሬን አላት። በዚያ ዘመን ይህን ያላት የቤተሰብ መኪና ብዙ አልነበረም። የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት የማመጣው በሷ ነው።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። እኔ በከፊል ነው የምስማማው። ምርመራው ይጥበቅ ስትል ምኑ ይጥበቅ? በ1960ዎቹ የተሠራችን መኪና በዛሬ መኪና መስፈሪያ ከሰፈርካት አንዷም አታልፍም። መኪና መመርመር ያለባት ከፋብሪካ ስትወጣ በነበራት ልክ ነው። ያኔ ያልነበራትን ነገር ዛሬ "የለሽም" ብሎ መጣል አይገባም። የነበራት ግን እንደነበረ ይሥራ። ፍሬኗ፣ መሪዋ፣ መብራቷ። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለም።

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ሰኞ ማታ 3:20

ጋሼ ልክ ብለዋል። እኔ ጋራዥ ውስጥ ነው የምውለው፣ ብዙ ቮልስ በእጄ አልፏል። ቮልስ_59 ወንድሜ፣ የኋላ ቀኝ ፍሬን ያነሰው ወይ ሲሊንደሩ አፍስሶ የፍሬን ሸራውን አርሶት ነው፣ ወይ ማስተካከያው ስላልተዞረ ነው። የቮልስ ታምቡር ፍሬን ራሱን አያስተካክልም። በቀዳዳው ካቻቢቴ ገብቶ በእጅ ነው የሚዞረው። ጎማው እስኪይዝ ታጠብቀዋለህ፣ ከዚያ ነፃ እስኪዞር ትንሽ ትመልሰዋለህ። አራቱንም እንዲሁ።

ግን እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የድሮዎቹ ቮልሶች ፍሬን መስመሩ አንድ ነው። አንዱ ጎማ ጋ ካፈሰሰ አራቱም ይጠፋሉ። ኋላ ላይ የመጡት ለሁለት የተከፈለ መስመር አላቸው፣ ፊቱ ቢጠፋ የኋላው ይቀራል። ያንተዋ የቱ እንደሆነች ማስተሩን (የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን ዋና ሲሊንደር) አይተህ ንገረኝ። ነጠላ ከሆነች በባለ ሁለት መስመሩ ማስተር መቀየር ይቻላል። ልጆች ከያዝክ ሌላ ወጪ ሁሉ ይቆይና መጀመሪያ ይህን ሥራ።

የፍሬን ዘይቱንም ጠይቅ፣ መቼ ተቀየረ? የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ሁለት ዓመት ካለፈው መቀየር አለበት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ውስጡ ያለው ውኃ ይፈላና ፔዳሉ እስከ ታች ይገባል። ከእንጦጦ ወደ ታች ስትመጡ አስቡት።

እናት_ቪትዝ | ሰኞ ማታ 3:41

እኔ በቀጥታ ልናገር፣ እንዳትቆጡ። ቮልስ ውብ ናት፣ ድምፅዋን ስሰማ እኔም ልጅነቴ ይመጣብኛል። ግን የሦስት ዓመት ልጅ ከኋላ ወንበር ላይ ያለ ቀበቶ አስቀምጦ ቀለበት መንገድ መውጣት አልገባኝም። ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ቮልቮ ካወጣው ከ1959 በፈረንጅ ጀምሮ አለ። የፈጠራ መብቱን ለሌሎች ፋብሪካዎች ሁሉ ነው የለቀቁት። ስንት ዓመት ሙሉ ሲሠራበት እኛ ዛሬም ልጅ ጭን ላይ አስቀምጠን እንነዳለን። አሮጌ መኪና ያላቸው ብቻ አይደሉም እኮ፣ የዘንድሮ ሞዴል የያዙትም እንዲሁ ናቸው።

የቪትዜ ቦሎ ሁሌም በሰላም ያልቃል። ግን መርማሪ "የልጅ ወንበር አለሽ ወይ?" ብሎኝ አያውቅም። እሳት ማጥፊያና ሦስት ማዕዘን ይጠየቃል። ልጁስ?

ቮልስ_59 | ሰኞ ማታ 3:55

እህቴ አልቆጣም፣ የጠየቅሽው ትክክል ነው። ልጆቹ ያለ ቀበቶ አይቀመጡም። ባለ ወገብ ቀበቶ ከኋላ አስገጥሜያለሁ፣ ትንሹ የራሱ ወንበር አለው። ቀለበት መንገድ ላይም ከነሱ ጋር አልወጣም። የሰፈር ለሰፈር መኪና ናት።

ለሌሎቻችሁ ደግሞ የሚጠቅም ነገር ልንገራችሁ። ብዙ ቮልሶች ቀበቶ ባይኖራቸውም የማሰሪያው ቀዳዳ ከፋብሪካ ተሠርቶላቸዋል። በላስቲክ ወይም በምንጣፍ ተሸፍኖ ስለሚኖር ሰው አያየውም። ብሎኑ 7/16 ኢንች ነው፣ በሚሊ የሚለካው አይገጥምበትም። እንዲያው ላሜራውን በስቶ በተራ ብሎን ማሰር ግን ከንቱ ነው፣ ግጭት ሲመጣ ተቀዶ ይወጣል።

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ሰኞ ማታ 4:03

ይህን ስላነሳህ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቮልስ ያላችሁ ሁሉ ነገ ጠዋት እንድታዩት እለምናችኋለሁ። የቮልስ ባትሪ የት ነው? ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል። ልጆቹ በትክክል እሱ ላይ ነው የሚቀመጡት። ባትሪው ከላይ ክዳን ሊኖረው ይገባል። እኔ ጋ ከሚመጡት ብዙዎቹ ክዳኑ የላቸውም፣ ወይም ከሚገባው በላይ ቁመት ያለው ባትሪ ገብቶባቸዋል። ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ስፕሪንግ ወርዶ የባትሪውን ራስ ይነካል። ይግላል። ከዚያ የወንበሩ ሙሌት ይቀጣጠላል። የድሮው ሙሌት ደረቅ ቃጫ መሰል ነገር ነው፣ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።

ክዳን ካጣችሁ ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጣችሁ አልብሱት። ባትሪውም በቀበቶው ይታሰር። ሁለተኛው ነገር የቤንዚን ጎማው ነው። ሞተሩ ላይ የሚያልፈው ቱቦ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ቤንዚን በጋለ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። ርካሽ ነገር ነው፣ በየጊዜው ቀይሩት።

አይዲ4_ቦሌ | ሰኞ ማታ 4:10

እኔ እኮ ለመሳቅ ነበር የመጣሁት፣ እህቴ አስደነገጥሽኝ። የአጎቴ ቮልስ ላይ ልጅ ሆነን አራታችን ከኋላ ተቀምጠን ስንዘል ነበር። ነገ ደውዬ ባትሪውን እንዲያይ እነግረዋለሁ።

ዲኤክስ_ሐዋሳ | ማክሰኞ ጠዋት 1:20

ደህና አደራችሁ። ለኛ ለዲኤክሶች (ለአሮጌዎቹ ቶዮታ ኮሮላዎች) ተራ ስጡን እንጂ። የኔዋ 4ኬ ሞተር፣ ኋላ ጎማ ነጂ፣ ካርቡራተር። ሐዋሳ ላይ ንጹሕ ናት፣ ጭስ የሚባል አይታይባትም። ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ ሊያስመረምራት ሲሄድ ግን ጥቁር ጭስ ጣለች። ያው መኪና፣ ያው ቤንዚን። ምንድነው ነገሩ?

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ማክሰኞ ጠዋት 1:48

ከፍታው ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ይበልጣል። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ካርቡራተሩ ግን ይህን አያውቅም፣ ቤንዚኑን በለመደው መጠን ይለቃል። ስለዚህ አየር ያንሳል፣ ቤንዚን ይበዛል፣ ያልተቃጠለው በጭስ ይወጣል። አዲሶቹ መኪኖች ሴንሰር ስላላቸው ራሳቸው ያስተካክላሉ። ለካርቡራተር ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በጠባብ መቀየር፣ የአየሩን ብሎን ማስተካከል፣ ካንዴላ ማጽዳትና የአየር ማጣሪያ መቀየር ነው። ማጣሪያው ከቆሸሸ ጭራሽ ይብሳል። እዚህ የተስተካከለ ወደ ታች ሲወርድ ደግሞ ቤንዚን ሊያንሰው ስለሚችል ሐዋሳ ስትመለስ መልሰህ አሳየው።

አሌክሳንድሪያ_ሐበሻ | ማክሰኞ ጠዋት 4:05

ከቨርጂኒያ ሰላም። እዚህ ያለውን ላካፍላችሁ፣ ክርክሩን ያደምቀዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ አለ። የሚመረምሩት ፈቃድ የተሰጣቸው የግል ጋራዦች ናቸው፣ ተቆጣጣሪው ደግሞ የግዛቱ ፖሊስ ነው። ካለፍክ መስተዋትህ ላይ ተለጣፊ ይለጠፋል። ከወደቅክ ሌላ ተለጣፊ ይለጠፍልሃል፣ በ15 ቀን ውስጥ አሠርተህ ትመለሳለህ።

ወደ አሮጌው ስንመጣ፣ መኪናህ 25 ዓመት ከሞላው የጥንታዊ መኪና ሰሌዳ ማውጣት ትችላለህ። ያኔ ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ነህ። ግን በየቀኑ ሥራ መሄጃ ልታደርገው አይፈቀድልህም። ለትርኢት፣ ለሰልፍ፣ አልፎ አልፎ ለሽርሽር ነው፣ ርቀቱም ገደብ አለው። እኔ የ1985 ኮሮላ ይዤ በዚህ ሰሌዳ ነው የምነዳው። ስለዚህ ቮልስ_59 ወንድሜ አልስማማም። ትንሽ የምትነዳ፣ ባለቤቷ እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያያት መኪና በየዓመቱ ሰልፍ ላይ ምን ትሠራለች?

ላዳ_ፍራንክፈርት | ማክሰኞ ቀን 6:30

ጀርመን ሌላ ነው። እዚህ በየሁለት ዓመቱ ነው ምርመራው፣ አዲስ መኪና ብቻ የመጀመሪያውን በሦስተኛ ዓመቱ ያደርጋል። መኪናህ 30 ዓመት ሲሞላውና እንደ ድሮው ተጠብቆ ከተገኘ የታሪካዊ ሰሌዳ ታገኛለህ፣ ታርጋው መጨረሻ ላይ አንድ ፊደል ይጨመራል። ግብሩም ይቀላል። ግን ምርመራው አይቀርልህም! ላዳዬን ይዤ ስሄድ እንደ ማንኛውም መኪና ጉድጓድ ላይ ወጥታ ከሥር በባትሪ ትታያለች። እንግሊዝ ደግሞ ከ2018 በፈረንጅ ጀምሮ 40 ዓመት ያለፈው መኪና በጣም ካልተቀየረ በቀር ከዓመቱ ምርመራ ነፃ ነው።

እዚህ ትልቁ ጠላታችን ዝገት ነው። በክረምት በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይረጫል፣ ያ ጨው ላሜራውን ከሥር ይበላዋል። ብዙ ላዳ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ወለሉ ተበልቶ ነው የሚወድቀው። አዲስ አበባ ላይ የማያቸው አሮጌ መኪኖች ወለላቸው ከኔዋ ይሻላል። አባቴ በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው ያሳደገን፣ የላዳ ፍቅሬ ከዚያ ነው።

ጋሽ_ፔጆ | ማክሰኞ ቀን 8:12

አየህ ቮልስ_59፣ ፈረንጆቹ ዕድሜን ያከብራሉ። 25፣ 30፣ 40 ይሉና ያርፋል። እኛ ጋ ሕጉ የ2002ቱ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ነው፣ ቁጥሩ 681። ለቅርስ መኪና የተለየ ወግ ቢኖር መልካም ነበር። እኔን በየዓመቱ ማሰለፋቸውን አልጠላም። ግን 504ቷ ከመንገድ ላይ መኪና ሁሉ የተሻለች ሆና ሳለ ከገልባጭ ኋላ ቆማ ግማሽ ቀን ስትግል ያመኛል።

ቮልስ_59 | ማክሰኞ ማታ 1:10

ጋሼ፣ እርስዎን መቃወም ይከብደኛል፣ ግን እቃወማለሁ። የቨርጂኒያው ነፃ የተደረገው ለሽርሽር ብቻ ለምትወጣ መኪና ነው። እርስዎ ደግሞ የልጅ ልጆችዎን በየቀኑ ከትምህርት ቤት ያመላልሱባታል። እዚያ ቢሆኑ ያንን ሰሌዳ አያገኙም ነበር። እኔን የሚስበኝ የጀርመኑ ነው። ታሪኳን ያከብራል፣ ግብሯን ይቀንሳል፣ ሥሯን ግን ያያል።

ደግሞ የኛ አገር ሁኔታ ከነሱ ይለያል። እነሱ ጋ አሮጌ መኪና የትርፍ ጊዜ ነገር ነው። ጋራዥ ውስጥ ሌላ መኪና አላቸው። እኛ ጋ አሮጌ መኪና የቤተሰቡ አንድ መኪና ነው። ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሁሉም በሷ ነው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ አሁን መንገድ ላይ ያሉት ቤንዚን መኪኖች ገና ለብዙ ዓመት ይነዳሉ፣ የበለጠ ያረጃሉ። ልጆቻችን የሚያድጉት በነሱ ውስጥ ነው። ቦሎ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ወረቀት ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ፍሬን የሚፈትሽ፣ ጎማ የሚያይ፣ ከሥር የሚገባ ሰው ያስፈልገናል። ሰልፉ ይስተካከል ካሉኝ አብሬዎት እጮሃለሁ። ምርመራው ይቅር ካሉኝ ግን አይሆንም።

ጋሽ_ፔጆ | ማክሰኞ ማታ 1:34

ይቅር አላልኩም ልጄ። ይከበር ነው ያልኩት። ግን የልጅ ልጆቼን ያነሳኸው ነገር እውነት ነው፣ መልስ የለኝም።

አይዲ4_ቦሌ | ማክሰኞ ማታ 1:50

ጋሼ በንግግር ሲሸነፉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ! ይመዝገብልኝ።

ወደ እኔ ስመጣ፣ የኔዋ አይዲ 4 ኤሌክትሪክ ናት፣ ጭስ የላትም፣ ዘይት አትቀይርም፣ ካንዴላ የላትም። ለክላውዶ ስወስዳት ገባች፣ ወጣች። እናንተ አሮጌዎች ስለ ካርቡራተር ስታወሩ እንደ ተረት ነው የምሰማው።

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ማክሰኞ ማታ 2:05

አንተ ልጅ፣ ና ተቀመጥ። ሞተርህ የት ነው ያለው? ኋላ። የኋላ ፍሬንህ ምንድነው? ታምቡር። የሚነዳህስ የትኛው ጎማ ነው? የኋላው። ቮልስ_59ስ? ሞተሩ ኋላ፣ ፍሬኑ ታምቡር፣ ነጂው የኋላ ጎማ። ሁለታችሁም ቮልስዋገን ናችሁ፣ ዘመዳሞች ናችሁ!

አሁን ቁም ነገሩ። ኤሌክትሪክ መኪና ስትቀንስ ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ ይይዛል፣ ፍሬኑ ብዙም አይሠራም። ያልሠራ ፍሬን ደግሞ ይዝጋል፣ ይጣበቃል። ፍሬኔ አያልቅም ብለህ ሳታየው እንዳትቀር። ክብደትህንም አስብ። ቮልስ 800 ኪሎ አካባቢ ናት፣ ያንተዋ ወደ 2 ቶን ነው። ያ ሁሉ ክብደት ጎማ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ጎማህ ከቤንዚን መኪና ቶሎ ያልቃል። ልጅ ስትወልድ ይገባሃል።

አይዲ4_ቦሌ | ማክሰኞ ማታ 2:11

ገና ሚስት ሳላገባ ልጅ አስወለድሽኝ። ግን የፍሬኑን ነገር አላውቅም ነበር፣ ተባረኪ። ቮልስ_59 ዘመዴ፣ እንዴት ነህ!

ቮልስ_59 | ማክሰኞ ማታ 2:14

ሃሃሃ፣ ደህና ነኝ የአጎቴ ልጅ። ታላቅህን አክብር።

እናት_ቪትዝ | ማክሰኞ ማታ 2:40

ጎማ ካነሳችሁ አይቀር፣ እኔም የማውቀውን ልበል። ሁላችሁም የጎማ ጥርስ ታያላችሁ፣ ዕድሜውን ግን ማን ያያል? ጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር አለ። 3519 ካለ በ2019 በፈረንጅ፣ በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ አሥር ዓመት የሞላው ጎማ አለ፣ ውስጡ ደርቋል፣ በሙቀት ይፈነዳል። በተለይ ትንሽ የሚነዱ የቅርስ መኪኖች ጎማቸው ሳያልቅ ነው የሚያረጀው። ሱቅ ስትገዙም ሻጩን አዲስ ነው ወይ ብላችሁ አትጠይቁት፣ ጎንበስ ብላችሁ ቁጥሩን አንብቡ። እኔ ልጆቼን አስተምሬያቸዋለሁ። አሁን መኪና ማቆሚያ በደረስን ቁጥር የሰው ጎማ እያነበቡ "ማሚ ይሄኛው ከኔ ይበልጣል" ይሉኛል።

ዲኤክስ_ሐዋሳ | ማክሰኞ ማታ 2:58

ይህ የልጆች ነገር ደስ ይላል። የኔ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ኮፈን ስከፍት ሮጦ ይመጣል። ባትሪ፣ ራዲያተር፣ ካርቡራተር እያለ በጣቱ ይቆጥራል። የጎረቤት ኤሌክትሪክ መኪና ኮፈን ሲከፈት ዓይቶ "አባዬ ሞተሯን ሰረቋት!" ብሎ ጮኸ። ጎረቤቴ በሳቅ ወደቀ።

ጎማዎቼን አሁን በስልክ መብራት ወጥቼ አየሁ። አራቱ ደህና ናቸው። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ግን ከልጄ ዕድሜ በላይ ነው። ነገ ይቀየራል።

ቮልስ_59 | ማክሰኞ ማታ 3:10

ስኮርታ ካልክ፣ ቮልስ ላይ ስኮርታው ሌላም ሥራ አለው። የመስተዋት ውኃ የሚረጨው በስኮርታው አየር ነው! ከፊት ኮፈን ሥር ቱቦ ከጎማው ወደ ውኃው ዕቃ ይሄዳል፣ የአየሩ ግፊት ውኃውን ይገፋዋል። ጎማው ጨርሶ እንዳይተነፍስ ቫልቩ በጊዜ ይዘጋል። ክላውዶ ላይ መርማሪው "ውኃ ይርጭ" ሲል ካልረጨ ፓምፕ ፍለጋ ሶማሌ ተራ (የመኪና ዕቃ ገበያው) አትሂዱ። ስኮርታውን ንፉት። ልጄ ይህን ስነግራት ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አውርታለች፣ ማንም አላመናትም። ቅዳሜ መምህሯ ራሷ ልታየው ትመጣለች።

አሌክሳንድሪያ_ሐበሻ | ማክሰኞ ማታ 3:35

እኔም አላመንኩም ነበር፣ ዩቲዩብ ላይ አይቼ ተመለስኩ። እውነት ነው! ጀርመኖች እኮ የማያስቡት ነገር የለም።

በምርመራው ጉዳይ ደግሞ አሰብኩበት። እኔ ልጆቼን በአሮጌዋ ኮሮላ ጭኜ አላውቅም፣ ለነሱ ሌላ መኪና አለ። ለዚህ ይሆናል ነገሩ ቀሎ የታየኝ። አገር ቤት ያላችሁት የምትሉት ገብቶኛል። ግን ሕግ ሳያስገድደኝም ቢሆን በየዓመቱ ሊፍት ላይ ሰቅዬ ከሥር አያታለሁ፣ ይህን እወቁልኝ።

ላዳ_ፍራንክፈርት | ማክሰኞ ማታ 3:50

እንዲህ ያለ ባለቤት ሁሉም ቢሆን ምርመራ ባላስፈለገ። ችግሩ ያንተን መኪና የሚገዛው ቀጣዩ ሰው ነው።

ጋሽ_ፔጆ | ማክሰኞ ማታ 4:15

አንድ ነገር ቀረ። ስለ መኪና ዕድሜ ይህን ያህል ካወራን ስለ ነጂውም እናውራ። መንጃ ፈቃድ ሲታደስ ዓይን ይታያል። እኔ ሳልጠየቅም በየጊዜው ዓይኔን እታያለሁ፣ ማታ ከልጆች ጋር አልነዳም። መብራት ፊት ለፊት ሲመጣ ድሮ እንደማየው አላይም። የመኪናዬን ፍሬን የሚያይ መርማሪ ካመሰገንኩ የኔን ዓይን የሚያይ ሐኪምም ላመስግን። በኔ ዕድሜ ያላችሁ ካላችሁ እንዲሁ አድርጉ።

እናት_ቪትዝ | ማክሰኞ ማታ 4:22

ጋሼ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አባቴ ይህን እንዲሰማ በቃልዎ ልነግረው ነው፣ ከኔ ከልጁ አልሰማ ብሎኛል።

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ማክሰኞ ማታ 4:40

በሉ እንግዲህ ወሬው ይበቃል፣ ወደ ሥራ። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጋራዡ ለናንተ ክፍት ነው። ክላውዶ ከመሄዳችሁ በፊት ኑና ከሥር እንያት። ፍሬን፣ ቴስቲና (የመሪው መገጣጠሚያ)፣ የባትሪ ክዳን፣ የቤንዚን ጎማ፣ የቀበቶ ብሎን፣ መብራትና ፍሬቻ። ለማየት አላስከፍልም፣ ዕቃ ከተቀየረ የዕቃውን ትከፍላላችሁ። ልጆቻችሁን አምጡ፣ ግን ጉድጓዱ ጋ አይጠጉም፣ አንድ ትልቅ ሰው ይጠብቃቸው።

አይዲ4_ቦሌ | ማክሰኞ ማታ 4:44

የልጆቹ ጠባቂ እኔ ነኝ። ቡና ከማን ነው?

ጋሽ_ፔጆ | ማክሰኞ ማታ 4:51

ቡናውን ባለቤቴ ታፈላለች፣ ጀበናው በ504ቷ ፖርቶባጋሊዮ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ይመጣል። ዳቦ ከናንተ።

ቮልስ_59 | ማክሰኞ ማታ 4:58

ዳቦ ከኔ። ካቻቢቴ እህቴ፣ ማስተሩን አሁን አየሁት፣ አንድ መስመር ነው። ባለ ሁለቱን ሶማሌ ተራ እስከ ዓርብ እፈልጋለሁ። ባገኝ ቅዳሜውኑ ትገጥሚልኛለሽ?

ካቻቢቴ_ሳሪስ | ማክሰኞ ማታ 5:03

እገጥምልሃለሁ። ግን ከመግዛትህ በፊት የድሮውን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ የቧንቧዎቹ አፍ መጠን ሊለያይ ይችላል። የፍሬን ዘይትም አዲስ ያልተከፈተ ግዛ፣ ተከፍቶ የቆየ አልቀበልም።

ዲኤክስ_ሐዋሳ | ማክሰኞ ማታ 5:10

እኔም አርብ ማታ እነሳለሁ። ካርቡራተሩን ቅዳሜ አብረን እናየዋለን። ልጄ ቮልሷ ውኃ ስትረጭ ካላየሁ ብሎ ይዞኛል፣ ስኮርታውን ነፍታችሁ ጠብቁን።

ቮልስ_59 | ማክሰኞ ማታ 5:12

ተነፍቷል፣ ና ብቻ።